ፀሐይ የሰረቀችበት ሳምንት

ብቸና ሥራ የጀመርኩ ቀን ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩም። ጋሽ ባዩ አንዱን ሲፒዩ በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ «እስቲ ይቺን እያት፤ ስትነሳ ታለቅሳለች» አሉኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የምርቃት ፎቶዬ እንኳ ገና አልደረሰልኝም ነበር።

ጋሽ ባዩ ፍርድ ቤቱ አጠገብ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አላቸው፤ ሞጣም ሌላ። የኔ ሥራ የሁለቱንም ቤት ኮምፒውተሮች መጠገን ነበር። ፍላሽ ሳያስመረምር ዝም ብሎ የሚሰካ ደንበኛ ላይ ስጮህ ሰሙኝና፣

«ስምሽ ማን ነበር?» አሉ።

«ትዕግሥት።»

«ያወጡልሽ ሰዎች ተሳስተዋል።»

ቤቱን ቀጥ አድርገው ያቆሙት ግን ጸሐፊዋ እትዬ የሺ ናቸው። ከታይፕ ዘመን ጀምሮ የሚጽፉ ሴት ናቸው። ባላገሩ መጥቶ «ወንድሜ ድንበሬን ገፋ» ብሎ ሲጀምር ዓይናቸው ከሰውየው ፊት አይነሳም። «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ» ይሉታል፤ ጣታቸው ግን ከሥር ይሮጣል። ሰውየው እንባውን ጠርጎ ሳይጨርስ ማመልከቻው ከፕሪንተሩ ይወጣል። ደመወዝ እስክቀበል ድረስ ያደርኩትም እሳቸው ቤት ነው። «አልጋው ሰፊ ነው፣ አንቺ ደግሞ ቀጭን ነሽ» ብለው ጨረሱት።

አንድ ቀን ጋሽ ባዩ ደብረ ማርቆስ ደርሰው ሲመለሱ ሲዲ ይዘው መጡ።

«ነፃ ሲስተም ነው። ቫይረስ አይዘውም። ሁሉንም ቀይሪ።»

«ነፃው ሲዲው ነው» አልኳቸው። «ስካነሩ እሺ ይበል እምቢ ይበል አላውቅም። የድሮው የአማርኛ ፊደላችንም አብሮት አይሄድም። በአንዱ ልሞክረው።»

«ገበያተኛ ቆሞ እየጠበቀ ሙከራ? ባንዴ ይለቅ!»

ተናደድኩ፤ ቀየርኩት።

ቫይረሱ እውነትም ጠፋ። ስካነሩም አብሮ ዝም አለ። የድሮ ጽሑፎች ሲከፈቱ የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ተደባልቆ ይወጣል። እሱስ ይሁን፤ የባሰው የእትዬ የሺ ነገር ነው። የአዲሱ ኪቦርድ አመታት ሌላ ነው። በድሮው ሠ የራሱ ቁልፍ ነበረው፤ በአዲሱ ኤስን ሁለት ጊዜ መምታት ያስፈልጋል። አንዴ ብቻ ከመቱት ሰ ነው የሚወጣው። ብዙው ፊደል እንዲህ ቦታ ለቋል።

እትዬ የሺ መሬት ላይ መርፌ እንደጠፋበት ሰው ቁልፎቹ ላይ አጎነበሱ። ባለጉዳዩን ቀና ብለው ማየት ቀረ። ከየጁቤ የመጣ አንድ ሽማግሌ ጠብቆ ጠብቆ፣ «መኪናው ያመልጠኛል እናቴ» ብሎ ማዶ ወዳለው ሌላ ኮፒ ቤት ሄደ። ሌሎችም ተከተሉት።

ጋሽ ባዩ ሳምንት አልታገሡም። «ሞጣ ያለችውን ልጅ አመጣለሁ። እትዬ የሺ ኮፒ ማሽኑ ላይ ይቁሙ።»

እትዬ የሺ «እሺ» ብቻ አሉ። ሰው አልቅሶ የሚነግራቸውን መጻፍ እንጂ ወረቀት ማገላበጥ ሥራቸው አልነበረም። ወንበራቸው ላይ የነበረችውን ትራስ አንስተው በብብታቸው ያዟት።

በማግሥቱ የከተማው የቅኔ መምህር፣ ሁላችን የኔታ የምንላቸው፣ ወረቀት ይዘው ገቡ። ለቤተ ክርስቲያናቸው በዓል የሚበተን ቅኔ ነበር፤ እትዬ የሺ ጽፈውት አንድ ደስጣ ሙሉ ታትሟል።

«ማነው ፀሐይን ሌባ ያደረጋት?»

አልገባንም። ጣታቸውን ወረቀቱ አናት ላይ አሳረፉ። «ሠረቀ ፀሐይ ነበር ያልኩት። በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ነው። እናንተ በእሳቱ ሰ ጽፋችሁ ሰረቀች አላችኋት።»

«እኔ ነኝ የኔታ፤ ይቅር ይበሉኝ» አሉ እትዬ የሺ።

ጋሽ ባዩ ጣልቃ ገቡ። «እንደገና ይታተማል። እሳቸው ደክመዋል፤ አዲሱ ኪቦርድ አልሆነላቸውም፤ ልጅ እያስመጣሁ ነው።»

የኔታ እትዬ የሺን አዩ፤ ኪቦርዱን አዩ። «ይቺ ሴት ስንት ዘመን ስትጽፍልኝ ሠን አልሳተችም። ምን ሰረቀች ብለህ አትጠይቀኝም ባዩ?»

«እሺ፣ ምን ሰረቀች?»

«የየሺን ጣት! በሩን የከፈትክላት ደግሞ አንተ ነህ።»

እትዬ የሺ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባቸው። ጋሽ ባዩ መሬት መሬት አዩ።

«እስከ ቅዳሜ ቤቱን ዝጉልኝ» አልኳቸው።

«ልታከስሪኝ ነው?»

«መክሰሩንማ ከስረዋል። ሲዲው ላይ ስላልተጻፈ ነው ያላዩት።»

ዘጉ።

የኪቦርዱን አመታት የሚወስነውን ፋይል ከፈትኩት። ሐሳቤ ማሽኑን የእትዬ የሺን ጣት አመታት ማስተማር ነበር።

«ጸ የትኛው ላይ ነበር?»

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ፤ ጣታቸው አየሩ ላይ ይፈልጋል።

«እንግዲያው አይንገሩኝ። ዓይንዎን ጨፍነው ማመልከቻ ይጻፉ።»

ጨፈኑ። «አመልካች... ተጠሪ... ጉዳዩ የእርሻ መሬት ነው...» እያሉ ጻፉ። ጣታቸው ያረፈበትን ቁልፍ እያየሁ ያንኑ ፊደል ሰጠሁት። ሲዘገዩ «ቶሎ በሉ!» እላለሁ። «ትዕግሥት!» ይሉኛል። ስሜን ይጥሩ ወይ ይምከሩኝ አላውቅም።

ቅዳሜ የየኔታን ቅኔ እንደገና ጻፉ፤ ሠ በመጀመሪያው ምት ወጣ። ሰኞ አንድ ባላገር ፊታቸው ተቀምጦ ስለ ሞተችበት ላሙ ሲናገር ቀና ብለው እያዩት ጻፉለት። የሞጣዋ ልጅ እዚያው ሞጣ ቀረች።

ጋሽ ባዩ ለአዲሱ ሲስተም የሚሆን ስካነር ሊገዙ ሲነሱ፣ «ነፃ ያልሽው ነገር» ብለው ጀመሩ።

«እርስዎ ነዎት ያሉት።»

«እሺ፣ እኔ ነኝ።»

በኋላ የሞጣውን ቤት መቼ እንደምቀይር ጠየቁኝ። «መጀመሪያ ከጸሐፊዎቹ ጎን ልቀመጥ» አልኩ። ከአንድ ማሽን ጀመርኩ። ለድሮ ጽሑፎች አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር እንዳለ ተውኩት። ጋሽ ባዩ እንደ ልማዳቸው አጉረመረሙ፤ ግን ጊዜውን ሰጡኝ።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይሄ ነው። ሲስተም ከመቀየራችሁ በፊት የሚሠራበት ሰው እንዴት እንደሚሠራ ቁጭ ብላችሁ እዩ። የሚለምድበትን ጊዜ ከዋጋው ጋር ደምሩት። ባለቤቱ ያንን ካልከፈለ ሠራተኛው ይከፍለዋል።