ከመስኮቱ የሚላከው ሰማይ

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ከአንዲት ሴት ጋር አብረን እንሠራለን። ሁለታችንም ሲልቨር ስፕሪንግ ስለምንኖር በመኪናዬ ራይድ የምሰጣት እኔ ነኝ። ቻይናዊት ናት። የሁለታችን እንግሊዝኛ ተደማምሮ አንድ ሰው አይሞላም፤ ግን እንግባባለን።

እኛ ከሥራ ስንወጣ እነሱ አገር ይነጋል። ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌይ ላይ ትራፊክ ሲይዘን ስልኳ ጢን ይላል፤ አባቷ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ሁልጊዜ ጠዋት ከዚያው ከመስኮታቸው ሆነው ሰማዩን ፎቶ ያነሳሉ። የፋብሪካ ጭስ፣ ከሥሩ አንድ ዛፍ። ለልጃቸው ይልካሉ፤ የከተማው ሰው እንዲያየውም ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋሉ። አንድም ቃል አይጽፉበትም።

"ፋብሪካው በበከለው ወንዝ ዳር እየኖሩ ውሃ በጀሪካን ይገዛሉ" ስትለኝ፣ "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው!" ብዬ ተረቱን ሳስረዳት ከአውራ ጎዳናው የምንወጣበትን ኤግዚት አለፍኩት።

አንድ ቀን አባቷና የሰፈሩ ሰው ጭሱን ለመቃወም ማስክ አድርገው ወደ አስተዳደሩ ቢሮ ሄዱ። መፈክር የለ፣ ጩኸት የለ። ፖሊስ ሲጠይቃቸው "በእግራችን እየተንሸራሸርን ነው" አሉ። ይህን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። እኛ እኮ ኤምባሲ በር ላይ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ነው የምንጮኸው!

"እንዲህ ተለሳልሶ ምን ሊገኝ?" አልኳት።

"እነሱ የሚያድሩት እዚያው ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ ጮኼ የምገባው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

ከዚያ ሰሞን ፎቶው ቀረ። "ስልካቸው ተበላሽቶ ይሆናል" አልኳት፤ እኔው ራሴ ሳላምንበት። ብትደውል አይነሳም። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት፣ ሰዎች መጥተው ለጥያቄ እንደወሰዷቸው ነገረቻት። ወይ ነዶ! ሰማይ ፎቶ ማንሳትም ወንጀል ሆነ? እኔ ከፊቴ ያለውን ሾፌር ሁሉ መሳደብ ጀመርኩ። ፈርቼ ነው። ስልክ ሳይነሳ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ከአገሬ አውቀዋለሁ።

አንድ ሐሙስ፣ ቤልትዌይ ድልድይ ላይ ትራፊክ ይዞን ቆመን ሳለ ስልኳ ጢን አለ። እልልታዬን ለቀቅሁት። ያው መስኮት ነው፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ።

"ተመስገን! አባትሽም ተገኙ፣ ጭሱም ለቀቀ!"

እሷ አልሳቀችም። ጣቷን ዛፉ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ቅጠሉ ሞልቶ አረንጓዴ ነው። ውጭ በረዶ ይጥላል፤ እነሱም ጋ ያው ብርድ ነው። መጨረሻ የላኩት ፎቶ ላይ ዛፉ ቅርንጫፉ ብቻ ነበር የቀረው።

"ይሄ የቆየ ነው" አለች። "አባቴ የዕለቱን እንጂ የቆየ ልኮ አያውቅም። ስልኩ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል።"

ከኋላችን ያለው ክላክስ አደረገ። መንገዱ ተከፍቶ ነበር።

"መልስ ካልላክሁ እንደነቃሁባቸው ያውቃሉ፤ በሱ ላይ ይብሳል" አለችና ጻፈች። ምን እንዳለች ጠየቅኋት።

"'አባዬ፣ ዛሬ ሰማዩ ያምራል' አልኩት።"