ለኮራሌ የገዛሁት ማቀዝቀዣ

ደብረ ማርቆስ ላይ የውሃ ማቀዝቀዣ የገዛ ከእኔ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተቃቀፍ። ሰው በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርቦ በሚሄድበት ከተማ፣ እኔ ውሃ የሚያበርድ ማሽን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጭኜ መጣሁ። ጎረቤቴ ካርቶኑን አይቶ፣ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አለኝ። ምን ይበል!

ሳሎኔን ለሁለት የሚከፍል የመስታወት ገንዳ አለኝ፤ የጨው ውሃና ኮራል ያለበት። ኮራል ለሚያየው ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ለእኔ ግን ነፍስ ያለው የባሕር እንስሳ ነው። የገንዳው መብራትና ፓምፕ ውሃውን ያሞቁታል። ሙቀቱ ከሃያ ስድስት ዲግሪ አልፎ ከቆየ ኮራሉ ይነጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሞት ነው። ማሽኑን ከገንዳው ጀርባ አስቀመጥኩ፣ ቱቦዎቹን ገጠምኩ፣ የሚተፋው ትኩስ አየር እንዲወጣ መስኮቱን ከፈትኩ። ውሃው ሃያ አምስት ላይ ቆመ። እሰይ! መሐንዲስ ሆንኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሃያ ዘጠኝ ይላል። የኮራሉ ጫፍ ጫፉ ነጥቷል። ቱቦውን ነካካሁ፣ መመሪያውን ገለባበጥኩ፣ የሸጠልኝን ሰው ረገምኩ። በመጨረሻ ወደ ገንዳው ጀርባ ብዞር መስኮቱ ጥርቅም ብሏል። ለጉልበታቸው ሕክምና ከደብረ ኤልያስ መጥተው እኔ ዘንድ ያረፉት አባቴ በርጩማቸውን ማሽኑ ሥር አስጠግተው፣ ጋቢያቸውን ከማሽኑ እስከ ጉልበታቸው ዘርግተው ያንቀላፋሉ።

ነቃ አሉና፣ «ተባረክ ልጄ፣ ግሩም ምድጃ ነው የገዛህ» አሉ። «ንፋስ እንዳይመታኝ መስኮቱን ዘጋሁት።»

መሳቅ ነበረብኝ። ንዴቴ ቀደመ።

«አባዬ፣ ምን ምድጃ ነው! ሊገድሉብኝ እኮ ነው!» ብዬ ጋቢውን ከማሽኑ ላይ ገፈፍኩ፤ መስኮቱንም በረገድኩት። የአሥራ አንድ ሰዓቱ ንፋስ ሰተት ብሎ ገባ። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከናነቡ። እኔ ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ አልነቀልኩም። ሃያ ስምንት። ቆይቶ ሃያ ሰባት። ደስታዬን አልደብቅም፣ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ።

«ዳነልህ?» አሉ።

«ይድናል አባዬ፣ ብቻ መስኮቱ ክፍት ይሁን።»

«እግዜር ይመስገን» አሉ፣ ጉልበታቸውን እያሹ። «ለድንጋዩ ስንት ዲግሪ እንደሚስማማው አወቅህ። እኔ ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ‹በረደዎ ወይ?› ብለኸኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ሄጄ መስኮቱን ዘጋሁት።