ስክሪኑ እንዳይጨልም

የእህቴን ባል መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «ጨምሬዋለሁ» ነው የምንለው። የሆስፒታላችንን ዳታቤዝ የሚጠብቀው እሱ ነው። የታካሚው ካርድ በሉት፣ የላብራቶሪ ውጤት በሉት፣ ሁሉም ያለው አንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ ሰርቨሩም በአንድ ጊዜ የሚያስገባው የኮምፒውተር ቁጥር ልክ አለው። ልኩ ሲሞላ «ቦታ የለም» ይልና ይዘጋል። ያኔ እኛ የካርድ ክፍል ሠራተኞች በመስኮቱ አንገታችንን አውጥተን «ሲስተም የለም!» እንላለን፣ ሰልፈኛው ይረግመናል፣ እሱም ደረቱን ነፍቶ ብቅ ይላል።

«ምን ሆኖ ነው?» ስንለው፣ «ሞልቶ ነበር፣ ጨምሬዋለሁ።» አለቀ! ማን ሞላው፣ የገባው ለምን አይወጣም ብሎ መጠየቅ እሱ ዘንድ ነውር ነው። ሰው ለመግባት ፍዳውን ካየ በኋላ እንዴት ብሎ ይወጣል? የፋርማሲ ሠራተኞቹ ምሳ ሲሄዱ እንኳ ፕሮግራሙን ከፍተውት ነው የሚሄዱት፣ ሲመለሱ ቦታ እንዳያጡ። የጽዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። እሱ ግን ልኩን ይጨምራል። ሲጨምር ሲጨምር ማሽኑ ማቃሰት ጀመረና ከሻጩ ድርጅት የመጣው ባለሙያ «ከዚህ በላይ ብትነካው ይሞትብሃል» ብሎት ሄደ።

ይህን ሰው ቤት ሲገባ ብታዩት! ቤት ስል የእናታችን ቤት ማለቴ ነው፤ ከተጋቡ ጀምሮ እዚያው ናቸው። ሪሞቱን ይይዝና እግሩን ዘርግቶ «ዛሬ እኔ ባልኖር ሆስፒታሉ አልቆለት ነበር» ይላል። እህቴ አፏን ከፍታ ትሰማዋለች። እማዬ አንደኛው ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ በቀረችው ጥላውን እያየች «ተባረክ ልጄ» ትለዋለች። የኔ ቆሽት እርር ይላል።

ዳይሬክተራችን ደግሞ ቢሮው ውስጥ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን አሰቀለ። ስንት አልጋ እንደተያዘ፣ ስንት ሰው እንደታከመ፣ ሁሉን በቀለም በቀለም የሚያሳይ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስጎበኘዋል። አንድ ቀን እንግዶች ፊት «ቦታ የለም» ብሎ ጭልም አለበት። ዳይሬክተሩ ጨምሬዋለሁን ጠርቶ ምን እንዳለው እንጃ፣ ከዚያ ወዲያ ሲስተሙ በሆስፒታሉ በሙሉ ሲዘጋ እንኳ ስክሪኑ አይጨልምም። እንዴት አድርጎ እንደሠራው የገባኝ በእማዬ የቀዶ ጥገና ቀን ነው።

የዓይን ቀዶ ጥገና ሐኪሙ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። «ይቺም ዓይን ከዘገየች እንደ መጀመሪያዋ ነው የምትሄደው» ብሎን ነበር። ተራዋ የደረሰው እሱ ሥራውን ጨርሶ ወደ መጣበት በሚመለስበት ቀን ሆነ። እማዬ አዲሱን ሹራቧን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ በጠዋት መጣች፤ ሠርግ የተጠራች ነው የምትመስለው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ዓይኗ በማሽን መለካት አለበት፣ ሐኪሙ የሚከተውን ሌንስ የሚመርጠው በዚያ ነው። ማሽኑ ደግሞ ሲስተሙ ውስጥ ካልገባ አይለካም። አስጀመሩት። «ቦታ የለም» አለ።

እኔ ልውጣላት ብዬ ሮጬ የራሴን ኮምፒውተር ዘጋሁ። ያን ቦታ ፋርማሲ ይውሰደው ሒሳብ ክፍል አላውቅም፣ ማሽኑ አሁንም «ቦታ የለም»። በንዴት ጨምሬዋለሁ ክፍል ገባሁ። ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ኪቦርዱን ይደበድባል።

«አንተ፣ እማዬ እየጠበቀች ነው! አንዱን አስወጣና አስገባት።»

«እንዳላስወጣ እኔም መግባት አልቻልኩም።»

«አንተም?»

«ሁሉም ሲሞላ እኔ ብቻ የምገባበት የተተወ ቦታ ነበር። በእሱ ገብቼ ነው ሌላውን የማስወጣው።»

«ታዲያ ግባበታ!»

አንገቱን ደፋ። «ለስክሪኑ ሰጥቼዋለሁ።»

ወይ ጉድ! ሰው ትርፍ ቁልፍ የሚያስቀምጠው በሩ ሲቆለፍበት ሊገባበት ነው። የእኛው ጉድ ለአለቃው አስረክቦት ውጭ ቁጭ ብሏል። ስክሪኑም ጥጋብ የማያውቅ ነገር ነው፤ ቁጥሩን ባደሰ ቁጥር አዲስ ቦታ ይይዛል፣ የበፊቱን አይለቅም።

«በቃ፣ ሰርቨሩን አጥፍተህ አስነሳው።»

«ስክሪኑ ይጨልማላ፣ እትዬ። ዛሬ እንግዶች አሉ።»

«ይጨልም! ገደል ይግባ!»

«ትንሽ ታገሺኝ፤ እነሱ ይሂዱና…»

እጅጌውን ይዤ ዳይሬክተሩ በር ድረስ ጎተትኩት። እኔ ልገባ ስል ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። እሱን ማንም አይከለክለውም፤ ስክሪኑን ሊያይ ሲገባ ሲወጣ ነው የሚውለው። «ግባና ንገራቸው፣ አንዲት ቃል ናት» አልኩት። ክራቫቱን አስተካከለ። እጁን እጀታው ላይ አደረገ። ከውስጥ ዳይሬክተሩ ከእንግዶቹ ጋር ሲስቅ ተሰማ። እጁን አነሳ። ቱ! ይህን ነው እንግዲህ እናቴ ልጄ የምትለው።

ከዚያማ በየክፍሉ እየዞረ «እባካችሁ ውጡ» እያለ መለመን ያዘ። ማን ይሰማዋል? አንዱ አዝኖለት ሲወጣ ሌላው ዘው ይላል። ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ እስከሚችለው ጠበቀ፣ ከዚያ ዕቃውን ሰበሰበ። እማዬን ትከሻዋን ነካ አድርጎ «በዓመቱ እንገናኝ፣ እናቴ» አላት። ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ሳለቅስ እሷ ታባብለኛለች። «ምን ያድርግ፣ ማሽን ነው እኮ! ልጄን እንዳትቆጪብኝ።»

ዓይኗ ዓመቱን አልጠበቀላትም። ክረምቱ ሳይወጣ ጨርሶ ጠፋ።

ጨምሬዋለሁ ግን ተሸለመ። አዎ፣ ተሸለመ! ባለ መስታወት ፍሬም የምስክር ወረቀት ከዳይሬክተሩ እጅ ተቀበለ። እህቴ ሳሎን ውስጥ፣ እማዬ ወንበር ፊት ለፊት አሰቀለችው። እኔም በዚያ ሰዓት እዚያው ነበርኩ። እማዬ የመዶሻውን ድምፅ ሰምታ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሲነግሯት ፊቷ በራ።

«እሰይ ልጄ! ምን ይላል? እስቲ አንብብልኝ።»

እሱም ጉሮሮውን ጠረገ። «ስክሪኑ ለአንድ ቀን እንኳ ሳይጨልም…» አለና ቆመ። እህቴን አየ፣ እኔን አየ። ማናችንም አልረዳነውም።

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ቀጥል እንጂ ልጄ፣» አለችው፣ «እየሰማሁህ ነው።»