የኮሚሽነር ይገዙ ሜዳ

ሰበታ ላይ ኡዘይርን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር፤ ኮሚሽነር ይገዙን ግን የማያውቅ አልነበረም። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ኡዘይር በጅማው መንገድ ዳር የላስቲክ ጫማና ምንጣፍ የሚሸጡት የጋሽ ከድሩ ልጅ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ ሁለት ደንበኛ አንድ ላይ ከገባበት ዋጋው ሁሉ የሚጠፋበት። ኮሚሽነር ይገዙ ደግሞ ስልክ ላይ የሚታየው ሰውዬ ነው፤ ሱሪውን በቀበቶ ፈንታ በከረቫት ጠፍሮ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ቂጡ የተበሳሳ የወተት ጣሳ ይዞ ኖራ እየነሰነሰ የኳስ ሜዳ የሚያሰምር። አገር የሚስቀው በአሳሳቱ ነበር። ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሳሳተው። እንዲህ የሚሳሳት ሰው በየቢሮው ሞልቷል፤ በነጻ የሚያስቅበት ግን እሱ ብቻ ነበር።

ስሕተቱ ሁልጊዜ ያቺው አንዷ ናት። ሜዳውን በእርምጃ ይለካል። ጠዋት በባዶ ሆዱ ይንቀረፈፋል፣ ምሳ በልቶ ሲመለስ ይንጠራራል፤ ስለዚህ የከሰዓቱ መስመር ከጠዋቱ ይረዝማል። ተጫዋቾቹ ሲያጉረመርሙ ረጅሙን ማሳጠር ለእሱ ሞት ነው፤ አጭሩን ያስረዝማል። ሲያስረዝም ደግሞ ያሳልፋል። ከዚያ ጣቱን ቀስሮ፣ «ሜዳ ያድጋል እንጂ አያንስም» ይላል። ቪዲዮ በወጣ ቁጥር ሜዳው እየሰፋ ሄዶ የማዕዘኑ ባንዲራ ሰው ጓሮ ገባ፣ የፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ በረት ደጃፍ ላይ ዋለ፣ አንድ ጊዜማ በረኛው ወደ ጎሉ ለመድረስ ሚኒባስ ተሳፈረ።

የሚቀርጸው ወንዲ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን እየሞላ የሚኖር የልጅነት ጓደኛው። የሚቀርጹበት ቦታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአዴ ደጊቱ የሽምብራ ማሳ አጠገብ ያለው ግጦሽ ነበር። አዴ ደጊቱ ባላቸው የሞተባቸው፣ ያቺን ማሳ ብቻቸውን የሚያርሱ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ቀን ይገዙ ሽምብራቸው ላይ ኖራ ሲነሰንስ አይተው፣ ቪዲዮ ይሁን ምን ሳያውቁ፣ «ማል ጎተ አቲ? ምን ልትሆን ነው አንተ?» ብለው የከብት መንጃ ዱላቸውን ይዘው ከነፉበት። ወንዲ መቅረጹን አላቆመም። ከወጡት ቪዲዮዎች ሁሉ ሰው የወደደው ያንን ሆነ። ከዚያ ወዲህ አዴ ደጊቱ የማይቀሩ ተዋናይ ሆኑ። እሳቸው ዱላ ያነሳሉ፣ ይገዙ ይሮጣል፣ ዱላው አየር ላይ ይቀራል። አንድም ቀን ነክተውት አያውቁም።

መንደሩም ሥራውን ለመደ። ኮሚሽነሩ ብቅ ሲል አንዱ ገመድ ይይዛል፣ ሌላው ችካል ያቀብላል፣ የመንደሩ ሽማግሌ ሳይቀሩ ተራ ይጠብቃሉ። ወንዲ ሁለት ነገር አስተምሯቸዋል፤ ካሜራውን አትዩ፣ ምንድን ነው ብላችሁ አትጠይቁ። የጠየቀ ቀረጻ ያበላሻል። ሲመሽ ችካሉ ይነቀላል፣ ኖራውን ዝናብ ያጥበዋል፣ መሬቱ መሬት ሆኖ ያድራል።

እንዲህ እየሳቁ ሁለት ሺህ ስምንት ገባ። የማስተር ፕላኑ ወሬ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ሰዉን ያንገበግበው ጀመር፤ አዲስ አበባ ዙሪያዋን ልትውጥ ነው፣ ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ ዘበኛ ሊሆን ነው ተባለ። ወጣቱም የኮሚሽነሩን ቪዲዮ አዲስ ዓይን አውጥቶ ያየው ጀመር። «ሜዳ ያድጋል እንጂ አያንስም» የሚለው በሚኒባስ ውስጥ ይደገማል፣ ረዳቱ ሦስት መቀመጫ ላይ አራተኛ ሰው ሲጨምር ሁሉም ባንድ ድምፅ ይለዋል። ኡዘይርን መንገድ ላይ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። «ገብቶሃል አንተ!» ይሉታል።

ምንም አልገባውም ነበር። ወደ ወንዲ ሱቅ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገ።

«ወንዲ፣ እኔ እኮ የቀለድኩት ስለ ኳስ ነው።»

«እሱንማ እኔና አንተ እናውቃለን።»

«ታዲያ ጀግና እያሉኝ እኮ ነው።»

«ሰው ጀግና ሲያደርግህ አትከራከር። ክርክር ሲያስፈልግ የሚጠራህ አይጠፋም።»

የጠራው ሰው ብዙ አልቆየም። አንድ የመንግሥት ቢሮ ነው፤ ግድግዳው ላይ ካርታ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ። ኃላፊው ኮቱን ሳያወልቅ ተነስቶ አቀፈው። በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አሞካሽቶ መልሶ በአማርኛ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ቤቴ ውስጥ ካንተ ሌላ አይታይም። ልጆቼ ሁሉ በቃላቸው ይዘውሃል። ሜዳ ያድጋል እንጂ አያንስም! ይኼ እኮ ልማት ነው።»

ኃላፊው ወደ ካርታው ዞረ።

«አየህ፣ ቀያሾቻችን ለልኬት ሲወጡ ሕዝቡ ይደነግጣል። አንተ ካለህበት ይስቃል። አንድ ቀን ብቻ አብረሃቸው ትቀርጻለህ። ከዚያ በቴሌቪዥን እናስተላልፍልሃለን። እስከ መቼ በሚሞሪ ካርድ?»

«መሬቱን… ይወስዱታል እንዴ ጌታዬ?»

«ልኬት ነው አልኩህ። መለካት መውሰድ ነው እንዴ? አንተስ ስንት ጊዜ ለክተሃል፣ ምን ወሰድክ?»

ኡዘይር ግማሹ ገብቶት ነበር። ለፈሪ ሰው ግማሽ መረዳት በቂ ነው፤ በኋላ ባልገባው ግማሽ ይምላል። የቀረውን ቴሌቪዥን የምትለው ቃል ሠራችው። አባቱ ሱቅ ውስጥ ተሰቅላ በዜና ሰዓት የምታጉረመርም ቴሌቪዥን አለች። «ቀልድ ሥራ ነው እንዴ?» የሚሉት ጋሽ ከድሩ ምንጣፍ ሲጠቀልሉ ቀና ብለው ሲያዩት ታየው። እሺ አለ።

የኅዳር ቀን ነበር፤ ሽምብራው እሸት ደርሷል። ቀያሾቹ አብረቅራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ በሦስት እግሩ የሚቆመውን መሣሪያ ተሸክመው ሲመጡ መንደሩ አዲስ ተዋንያን መጡ ብሎ ወጣ። ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም፤ የጠየቀ ቀረጻ ያበላሻላ። ሽማግሌው ሜትሩን ያዙ። ሴቶቹ ቀይ የተቀቡትን ችካሎች እየተቀባበሉ አደረሱ። ልጆች እሸት እየፈለፈሉ በቀያሹ ቆብ ይስቃሉ። ይገዙ በመካከል ጣሳውን ይዞ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ፊሽካ ይነፋል።

አዴ ደጊቱ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ቀያሾቹ ደንግጠው ወደ መኪናው ሸሹ፤ ይገዙ ሮጠ፣ በአፍጢሙ ተደፋ፣ ኖራው ፊቱ ላይ ተበተነ። አዴ ደጊቱ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። እንደዚያ ቀን ስቀው አያውቁም። ቀያሾቹ ሲመለሱ፣ እንደ ነባር ተዋናይ፣ ችካል ሊመታ የጎነበሰውን ቀያሽ ክንዱን ያዙት።

«እዚያ ጋ አይሆንም ልጄ፣ ጥላ ነው። ለወንዲ ካሜራ አይታይም። እዚህ መሐሉ ላይ ትከለው።»

ቀያሹ ኡዘይርን አየው። ኡዘይር ጫማውን አየ። ችካሉ መሐል ማሳው ላይ ተተከለ።

ሲመሽ ሰዉ ችካሉ እስኪነቀል ቆሞ ጠበቀ። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

«ኡዘይር፣ ሰዎችህ ችካላቸውን ረሱ እኮ» አሉ አዴ ደጊቱ።

«ነገ ይመለሳሉ አዴ» አለ።

እንዲህ ያለ ውሸት ለመናገር ልምምድ አያስፈልግም፤ ነገ መምጣቱ አይቀርምና።

ነገ ግን ሌላ ይዞ መጣ። መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ፣ ወታደር የጫነ መኪና ሽቅብ ቁልቁል ይል ጀመር፣ ከቡራዩም ከሱሉልታም የሬሳ ወሬ ይደርሳል። ኢንተርኔት ጠፋ። ጋሽ ከድሩ የሱቁን በር ግማሽ ዘግተው፣ ግማሽ ከፍተው፣ የመጣው ሁሉ የእኛ ነው እንዲላቸው ሁለቱንም ወገን በፈገግታ ያሳልፋሉ። በዚህ መካከል ቪዲዮው በቴሌቪዥን ተላለፈ። ይገዙ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ስሙም አልተጠራም። ሜትር የያዙት ሽማግሌ፣ ችካል የሚቀባበሉት ሴቶች፣ ወገባቸውን ይዘው የሚስቁት አዴ ደጊቱ ብቻ ታዩ። ዜና አንባቢዋ፣ «አርሶ አደሮች በልኬቱ መደሰታቸውን ገለጹ» አለች።

«ይቺ ሴትዮ በዚህ ቀን ምን ያስቃታል?» አሉ ጋሽ ከድሩ ምንጣፋቸውን እየጠቀለሉ።

ልጃቸው ጫማ መደርደር ቀጠለ።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ሰው ሬሳውን ቀብሮ ሳይጨርስ ደስ ይበልህ ተባለ። ዕቅዱ ቀረ፤ ችካሉ ግን አልሰማም። ጭራሽ ዘበኛ ተቀጠረለት፤ አደም የሚባል፣ ጥላ ፍለጋ ከማሳው ዳር ዳር የሚዞር ሰው። አዴ ደጊቱ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄዱ። ከዚያ ሲመለሱ ቤታቸው አልገቡም፤ ቀጥታ ጋሽ ከድሩ ሱቅ መጡ። ጫማ የሚለኩ ደንበኞች ነበሩ።

«አካም ኦልተኒ፣ ጋሽ ከድሩ።»

«እንደምን ዋሉ አዴ ደጊቱ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ይህን ልጅህን አንድ ነገር ልጠይቀው ነው።» ወደ ኡዘይር ዞሩ። «ዕቅዱ ቀርቶ የለም ወይ ብላቸው፣ ይኼ ሌላ ነው፣ ለባለሀብት የተሰጠ ነው አሉኝ። አልፈቀድኩም ብላቸው ስልክ አውጥተው አሳዩኝ። እዚህ ትከለው እያልኩ እጁን ይዤ አሳየዋለሁ። እየሳቅኩ። ፊልም መስሎኝ ነው ብላቸው፣ እነሱም ሳቁ። አንተ ታውቅ ነበር?»

ደንበኞቹ ጫማውን እንደያዙ ቀሩ። ኡዘይር ስለ ኃላፊው፣ ስለ ልኬት፣ ስለ ቴሌቪዥን ሊናገር አፉን ከፈተ። ኮሚሽነሩ ቢሆን ጣቱን ቀስሮ አንድ ነገር ይል ነበር።

«ግማሹን» አለ።

«ግማሹ ማሳዬ ነዋ» አሉና ወጡ።

ጋሽ ከድሩ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። «ጫማውን ጠቅልልላቸው» አሉ።

በገበያው ቀን፣ መንገዱ በሰውና በአህያ በሞላበት ሰዓት ኮሚሽነር ይገዙ አዴ ደጊቱ ማሳ ላይ ብቅ አለ። ከረቫቱን ታጥቋል፣ ፊሽካውን አንጠልጥሏል። ወንዲ እንኳን ካሜራ ሊይዝ ሱቁንም ዘግቶ ተደብቋል፤ ስለዚህ ኡዘይር ባትሪ የሌለው ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደገፈው። ሰው ተሰበሰበ። ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም።

«ኮሚሽነር፣ ዛሬ ደሞ የማንን ልታሰፋ?» አለ አደም ገና ሳይጀመር እየሳቀ።

«ተሳስቻለሁ። ላሳንስ መጣሁ።»

አደም ሳቁ አንቆት ዱላው ላይ ተደገፈ። «ሜዳ ያንሳል እንዴ?»

ይገዙ የመጀመሪያውን ችካል ነቀለ። ሁለተኛው እምቢ አለ፤ ሲታገለው ከረቫቱ ተፈታ፣ ሱሪው ወረደ። ይኼ የታሰበ አልነበረም። ከሕዝቡ ግማሹ ሱሪውን ሲያነሳለት ግማሹ ችካሉን ይዞ ሳበ። ከዚያ በኋላ ገመድ እንደ ያዙበት፣ ችካል እንደ ተቀባበሉበት ቀን ከእጅ ወደ እጅ ችካሎቹ ወደ አዴ ደጊቱ ደጃፍ ሄዱ። ሽማግሌው ሳይቀሩ አንዱን ተሸከሙ።

አዴ ደጊቱ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ይገዙ እንደ ልማዱ ሮጠ። ትንሽ ሮጦ ቆመ፤ በየትኛውም ቪዲዮ ቆሞ አያውቅም። ጀርባውን ሰጥቶ ጠበቀ።

ዱላው አየር ላይ አልቀረም።

«ይቺ የኅዳሯ ናት» አሉ።

ሰዉ ከመቼውም በላይ ሳቀ። ኡዘይር ዓይኑ እንባ ሞልቶ ፊሽካውን ነፋ።

ፖሊስ ሲመጣ ጥያቄው አጭር ነበር። ማን ነቀለ? ሽማግሌው፣ «ፊልም መስሎን ነው ጌታዬ» አሉ። ሴቶቹም ፊልም መስሏቸው ነው። አደም፣ «እኔም ፊልም መስሎኝ ነው ያሳለፍኩት» አለ። ፖሊሱ ስልኩን ከድንጋዩ ላይ አንስቶ ገለባበጠው፤ እንደ ሬሳ ጥቁር ነው። ኡዘይርን ይዘው ሄዱ። እስር ቤቱ በወጣት ታጭቆ ነበር፤ ኮሚሽነር መጣ ብለው ክፍሏን ለካልን አሉት። ለካ። «ክፍል ታድጋለች እንጂ አታንስም» ብሎ አሳቃቸው። ክፍሏ ግን አላደገችም፤ በየቀኑ ሰው ተጨመረባት።

ሲለቁት ሽምብራው ታጭዷል። አዴ ደጊቱ ቀይ ቀለም የተቀቡትን ችካሎች አንድ በአንድ ማገዷቸው፤ ጭሱ ቀለም ቀለም እየሸተተ ሰንብቷል ይባላል። ማሳቸው ዳር ጎንበስ ብለው የወሰን ድንጋይ ሲተክሉ አገኛቸው።

«አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ቀና አላሉም። «ያን ቀን ከልቤ ነው የሳቅኩት። እሱ ነው የሚያበግነኝ። የልቤን ሳቅ ሸጥክላቸው።» ገመድ ወረወሩለት። «ያዝ።»

ይዞ፣ እንደ ለመደው፣ አንድ እርምጃ ሊለካ እግሩን አነሳ።

«በእግርህ አይደለም» አሉት። «ዝም ብለህ እዚያው ቁም። ማንም መጥቶ ቢስቅ እንዳትለቅ።»