የግብጦ ውሃ

ግብጦ ተዘፍዝፎ ሲሰነብት የሚያወጣው ያ ጎምዛዛ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲሸተኝ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ የነበረው ቤታችንና ከጓሮው የማይጠፋው የአባቴ በርሜል ፊቴ ድቅን ይላሉ።

አባቴ የእርሻ ተመራማሪ ነበር፤ ሰው ንቆ ከሚጥለው ነገር ሁሉ አንድ ጥቅም ካላወጣ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። በጋ ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ አክስሎ ማገዶ ይሠራ፣ ከድንች ሙጫ አፍልቶ የተገነጠለ መጽሐፌን ይለጥፍልኝ ነበር። እናቴ «ደግሞ ዛሬ ምኔን ልታበላሽብኝ ነው?» እያለች ድስቷን ትደብቅበት ነበር። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ግን ግብጦን ነበር። በእኛ አገር ግብጦ፣ ያ መራራ ጥራጥሬ፣ ተቆልቶ፣ በጆንያ ታስሮ፣ ወንዝ ውስጥ ተነክሮ ምሬቱ እስኪለቀው ይሰነብታል፤ አባቴ ግን የሚፈልገው ያንኑ ወንዝ የሚወስደውን ምሬት ስለ ነበር ጥሬውን በበርሜል ዘፍዝፎ ውሃውን ያጠራቅም ነበር። ገበሬው በዚያ ውሃ ከብቱን እያጠበ መዥገር ይገድልበት ስለ ነበር፣ «መዥገር የገደለ ውሃ ትል አያቅተውም» ይል ነበር።

አንድ ክረምት ተምች የአጎቴን የሙሉን በቆሎ ወረረው። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር፤ የልጆቹ የዓመት ቀለብ ያ ማሳ ብቻ ነው። ቡሬ ገበያ ሸጦ ፀረ ተባይ ሊገዛበት በጉን እየጎተተ ሲያልፍ አባቴ ደጃችን ላይ አስቆመውና «በግህን መልስ፣ እኔ አለሁልህ» አለው።

«እርስዎ ካሉማ እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ አጎቴ በጉን ይዞ ተመለሰ።

አባቴ ቅጠሉን እንዳያቃጥለው ፈርቶ ውሃውን አቀጠነው። ረጭተን ጠበቅን፤ ትሉ አልሞተም። በጉ ተሸጦ መድኃኒቱ ሲመጣ ማሳው ላይ የቀረው ባዶ አገዳ ነበር። እዚያው ማሳ ዳር አባቴ ሲያለቅስ አየሁት፤ አባት ያለቅሳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና በጣም ፈራሁ።

መስከረም ሲጠባ አጎቴ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማ ወረደ። ሊሰናበተን ሲመጣ አባቴ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም፤ አጎቴ ግን ትከሻውን ይዞ «ይተዉት ጋሼ፣ ለከርሞ ልኩን ያገኙታል» አለው። ኅዳር ላይ አብረውት የወረዱት ሰዎች ጋቢውን ብቻ ይዘው ተመለሱ። ወባ ነው አሉን። ከዚያ ወዲያ እናቴ ድስቷን ደብቃ አታውቅም፤ አባቴም የወጥ ቤቱን ዕቃ መንካት ተወ። በርሜሉን ብቻ አልተወም።

ዛሬ ገበሬው ተምች ሲያይ በጡረታ ላይ ወዳለው አባቴ ይመጣል፤ ውሃው ትሉን ይገድላል፤ ሰዎቹም እየመረቁት ይሄዳሉ። ድሮ ትንሽ ነገር ሲሳካለት «ነይና እዪ!» እያለ እናቴን በጩኸት ይጠራ የነበረው ሰው፣ አሁን ምርቃቱን አንገቱን ደፍቶ ይሰማና ሁሉም ሲሄዱ በርሜሉ አጠገብ ቁጭ ይላል።

«ይኸው አገኘሁት፣ ሙሉ» ይላል ለብቻው።