ከአስር ሦስቱ

የወንድሜ አማት በየጠዋቱ ይደውሉልኛል። ሰላምታ የለም። ስልኩን እንዳነሳሁ "ዛሬስ ምን ይላሉ?" ይሉኛል። "ይላሉ" የሚሏቸው የአየር ትንበያ ሰዎችን ነው። ይህ ጥያቄ የእኔ አልነበረም፤ የወንድሜ ነበር። ወንድሜ ሲሞት ወደ እኔ ዞረ።

እንዴት እንደዞረ ልጽፍ ብዬ ከሞቱ ጀመርኩ። አልሄደልኝም። ሁለት ሦስቴ ሞክሬ ተውኩት። እሱ ራሱ ቢሆን ከሰርጉ ጀምር ይለኝ ነበር። ስለዚህ ከሰርጉ ልጀምር።

ወንድሜ ጅጅጋ ውስጥ የአየር ሁኔታ የሚለካበት ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ጣቢያ ሲባል ትልቅ ሕንጻ እንዳይመስላችሁ። በሽቦ የታጠረ ሜዳ ነው። መሐሉ ላይ እንደ ንብ ቀፎ በእግር የቆመ ነጭ ሳጥን አለ፤ የሙቀት መለኪያዎቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። ዝናብ የሚጠራቀምበት የቆርቆሮ ዕቃ አለ። ነፋስ የሚያሽከረክረው ነገር አለ። ውሃ በፀሐይ ምን ያህል እንደሚተን የሚታይበት ክብ ገንዳ ደግሞ ከአጥሩ አጠገብ ተቀምጧል። ወንድሜ በየተወሰነ ሰዓት እየዞረ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። በዚያው ሰዓት በየአገሩ ያሉ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች የየራሳቸውን ይልካሉ። አዲስ አበባ ያሉት ባለሙያዎች ያንን ሁሉ ሰብስበው፣ ከሳተላይት ፎቶና ኮምፒውተር ከሚያወጣው ስሌት ጋር አይተው፣ ነገ እንዲህ ይሆናል ይላሉ። ማታ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የምንሰማው እሱን ነው።

ጅጅጋ ግን ይህን ማብራሪያ የሚሰማ አልነበረም። ለሰፈራችን ሰው ዝናቡን የሚያመጣውም የሚያስቀረውም ወንድሜ ነው። በርበሬ ያሰጣች ጎረቤት ዝናብ ከደረሰባት በራችን ላይ ቆማ ትወቅሰዋለች። ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ ዕቃ የሚያመላልሱ ሾፌሮች ሳይጠይቁት አይወጡም። እሱም "እኔ የዛሬውን ነው የማውቀው፤ የነገውን እነሱ ናቸው" ይላል። ማን ሊሰማው።

ከሾፌሮቹ አንዱ የግቢ ጎረቤታችን ነበር፤ አይሱዙ የሚነዳ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሶማሌ። ወንድሜን "ወላሎ" ነበር የሚለው፤ ወንድሜ እንደማለት ነው። አንድ የበጋ ወቅት አንድ ግመል አንገቱን በጣቢያው አጥር ላይ አሻግሮ ያንን የትነት ገንዳ ጠጣው። ተረኛው አዲስ ሠራተኛ ነበርና የጎደለውን ውሃ እንዳለ በትነት መዝግቦ ላከ። ከአዲስ አበባ ተደወለ። ጅጅጋ ምን ሆነች፣ ምን ዓይነት ሙቀት ነው አሉ። ወንድሜ ስልኩን ተቀብሎ ሙቀቱ ደህና መሆኑን፣ ውሃውን የጠጣው ግመል መሆኑን አስረዳ። ከወዲያ የሳቁት ሳቅ በስልኩ ውስጥ አልፎ እስከ አጥሩ ድረስ ተሰማ አለኝ። አጥሩም ከፍ ተደረገ።

ይህን ወንድሜ ቤት መጥቶ ማውራቱ ነው ስህተቱ። ሾፌሩ ሰማ። ከዚያ በኋላ ትንበያ በሳተ ቁጥር "ምን ይደረግ፣ ግመሉ ጠጥቶት ነው" ይላል። ቀስ በቀስ ሰፈሩ ሁሉ ተቀበለው።

ወደ ሰርጉ ልመለስ። ወንድሜ ያፈቀራት ልጅ ጅጅጋ አስተማሪ ነበረች። አባቷ ሐረር አካባቢ ድንችና ሽንኩርት የሚያመርቱ፣ ቃላቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ላክን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሾፌሩ ነበር፤ ወንድሜ አልተወውም፣ እሱ ካልሄደ አልልክም አለ። እኔም ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ሄድኩና በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

አባትየው ልጁ ምን ይሠራል አሉ። ዝናብ ይለካል ተባሉ።

"ለክቶስ?"

"ይጽፈዋል፣ ጋሼ።"

"ጽፎስ?"

"ወደ አዲስ አበባ ይልከዋል።"

"እነሱስ?"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሾፌሩ ነው የመለሰው። "እነሱማ ይገምታሉ" አለ።

አባትየው ግምት ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር አሉ። እሳቸው ዝናብን የሚለኩት በድንቻቸው መሆኑን፣ ሬዲዮው ይዘንባል ብሎ የዘሩበት ጊዜ እንዳለ፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ደርቆ እንደቀረ ነገሩን። ልጅቷ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር፤ ስትስል ሰማኋት። እሳቸውም ሰሙ መሰለኝ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

"እሺ። ቀኑን ራሱ ይምረጠው። ሰርጉ ጅጅጋ ይሁን። እንግዶቼ ሳይበሰብሱ ከተመለሱ መርቄ እሰጣለሁ። ከበሰበሱ ግን ልጄን ባልከለክልም ምርቃቴን እኔ ጋ አስቀረዋለሁ።"

የአባት ምርቃት ቀላል ነገር አይደለም። ወንድሜ ይህን ስንነግረው ፈዘዘ። ችግሩ ደግሞ ሰርግ የሚደገሰው ዐቢይ ጾም ከተፈታ በኋላ ነው፤ በእኛ በኩል ያ ጊዜ የዝናብ ወር ነው። ዝናቡም ሥርዓት የለውም። ከብት ገበያው ላይ ሲያወርደው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አቧራ ይነሳል። ወንድሜ ማታ ማታ ይህን ያስረዳኝ ነበር። ለነገ የሚሉት ብዙውን ጊዜ ይይዛል። ለሦስት ቀን የሚሉት ይንገዳገዳል። ለሳምንት ከሆነ ተስፋ በለው። በዚያ ላይ ትንበያው "ምሥራቅ" የሚለው ስንትና ስንት አገር ነው፤ የእኛን ግቢ ለይቶ አያይም።

ያም ሆኖ መረጠ። የድሮ መዝገብ አገላብጦ ከሳምንቶቹ ሁሉ ዝናብ ያነሰበትን አንድ እሁድ አወጣ። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ላይ፣ አዲስ አበባ የሚያውቀው ባለሙያ ጋ ደወለ። ሰውየው የመዝነቡ ዕድል ከአስር ሦስት ነው አለው። ወንድሜ ደስ ብሎት ነገረኝ። ለአማቱም ደውሎ እንዳለ ነገራቸው፤ አልቀነሰም፣ አልጨመረም።

"ሦስቱ የኛ ቢሆንስ?" አሉት።

"ሊሆን ይችላል፣ ጋሼ" አለ። እኔ አጠገቡ ሆኜ በእጄ ዝም በል እለው ነበር።

የእኔ ሥራ ድንኳን ማከራየት ነው፤ ያኔም ነበር። በእኛ ከተማ ሰርግ ሁለት ድንኳን ይፈልጋል። የክርስቲያኑ እርድ ሌላ፣ የሙስሊሙ እርድ ሌላ ነው፤ ሰዉ ቡናና ለስላሳውን አብሮ ይጠጣል፣ ይጨፍራል፣ ለምግብ ግን በየድንኳኑ ይገባል። ያኔ ዝናብ የሚችል ሸራ የነበረኝ ለአንዱ ብቻ ነው። ሌላው የፀሐይ መከለያ ጨርቅ ነው፤ ውሃ ሲያይ እንደ ወንፊት ነው። የትኛውን የት ልትከል ብዬ ወንድሜን ጠየቅኩት። ሸራው ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይሁን አለ። "እነሱ እንግዶቻችን ናቸው። የኛ ሰው ቢንጠባጠብበት ይችላል።" አማትህስ አልኩት። ሰማዩን አየና ሰባቱን አመነ።

እሁድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የካራማራ ተራራ ጉም እንኳን በጊዜ ተነሳ፤ የሙሽራዋ ዘመዶች በሁለት ሚኒባስ እየጨፈሩ ገቡ። አባትየው ወርደው መጀመሪያ ያዩት ሙሽራውን አልነበረም። ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ ወንድሜን አዩና ገቡ። ወንድሜ ሱፍ ለብሶ ነበር። እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም።

ከምሳ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ ነፋስ። የድንኳኑ ገመድ ሲጮህ ሰማሁና ወጣሁ። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ እንደ ብረት ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ወደ ወንድሜ ዞርኩ፤ እሱም አይቶታል። ፊቱን አልረሳውም፤ ይፈራል ብዬ ስጠብቅ እንደ ሕፃን ዓይኑ በራ። ወዲያው ደግሞ አማቱ ትዝ አሉትና ከሰለ።

ወረደ። ወረደ ብቻ አይበቃም፣ ተዘረገፈ። የጨርቁ ድንኳን ትንሽ ታገለና ሆዱ ወደ ታች አብጦ አንዱ ምሰሶ ተነቀለ። የሐረር እንግዶች ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ወጡ። የት ይግቡ? ከሸራው ድንኳን ደጃፍ ላይ ሾፌሩ ቆሞ በሁለት እጁ ይጠራል። "ኑ ግቡ አቦ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!" ሙሽራዋን ቀሚሷን ሰብስበው አስገቧት። አክስቴ የክርስቲያኑን ወጥ ድስት ተሸክማ ስትገባ ሁለቱ ምግቦች እንዳይቀላቀሉ መሐል ላይ አግዳሚ ወንበር አስጎተተችና ጭልፋ ይዛ እንደ ድንበር ጠባቂ ቆመች። ከቶጎጫሌ ኬላ ይልቅ እሷ ትከብዳለች ብለው ሳቁባት። በዚያ ጥበት ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተቀምጦ፣ የሸራው ጩኸት ዘፈኑን ስለዋጠው ሁሉም በጭብጨባ ይዘፍን ጀመር። ሶማሌዎቹ ሙሽሪት ዝናብ ይዛ መጣች እያሉ ያሞግሷታል። ለከብት ሰው ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም፤ ያ ዓመት ደግሞ ደረቅ ነበር።

አባትየው ግን ከጫፍ ተቀምጠዋል። ካፖርታቸው ይንጠባጠባል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጨመቁት። ሰው ጭብጨባውን እየተወ ያያቸው ጀመር፤ ቃላቸውን ሁሉም ያውቃል። ሾፌሩ ሊረዳ ፈልጎ "ጋሼ፣ ግመሉ ጠጥቶት ነው" አላቸው። የሚያውቀው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልገባቸውም፣ አልሳቁም።

ወንድሜን ፈለግኩት፤ የለም። ሙሽራዋ በአገጯ ወደ ጓሮ አመለከተችኝ። በዚያ ሱፍ ዝናቡ ውስጥ አጎንብሶ ቆሟል። ጓሮ ውስጥ ለራሱ ከቆርቆሮ የሠራው የዝናብ መለኪያ ነበረው። ዝናቡ ጋብ ሲል አነበበውና መለኪያውን እንደያዘ ገባ። ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። ቀጥ ብሎ አማቱ ፊት ቆመ።

"ጋሼ፣ ሦስቱ ደርሶናል" አለ።

እሳቸው መለኪያውን ተቀብለው ወደ ውስጡ አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩት።

"ይሄ ነገር በኛም በኩል ደርሷል?" አሉት። ድምጻቸው ሌላ ነበር። ለካ ድንቻቸው ከተዘራ ጀምሮ ጠብታ አላየም፤ ይህን ለማንም አልተናገሩም ነበር።

ወንድሜ ስልኩን አወጣ። በእሳቸው አገር ላለው የሥራ ባልደረባው ደወለ። ሁላችንም እንሰማዋለን፤ ከወዲያ የሚመጣው ድምጽ ግን ሰውየው ይሁን ዝናቡ አይለይም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ውሃ ነው። ወንድሜ ስልኩን በአማቱ ጆሮ ላይ አደረገላቸው። ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ስልክ ሳይሆን ዘፈን የሚሰሙ ይመስሉ ነበር።

ተነሡ። ቃላቸውን አፈረሱ። ሙሽሮቹን በእርጥብ እጃቸው ጭንቅላታቸውን ይዘው፣

"ቤታችሁን እንደ ዛሬ ያርጥብላችሁ" አሉ። ድንኳኑ ሙሉ አሜን አለ፤ በአግዳሚው በዚህም በዚያም በኩል። ከዚያ ወንድሜን ጎተት አድርገው "ሥራህ ግን ግምት ነው" አሉት።

"ነው፣ ጋሼ። እየለካን ነው የምንገምተው።"

ያኔ ሳቁ። ስለ ግመሉ ሾፌሩ ሲያስረዳቸው ደግሞ ሌላ ሳቅ ሳቁ፤ ባርኔጣቸው ከእጃቸው ወደቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይደውሉለት ነበር። ሲይዝለት ዝም፣ ሲስት እስከ ማታ ይሳለቁበታል። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ወንድሜና ሚስቱ ልጅም ወለዱ፤ ሴት ልጅ፣ ዓይኗ የእሱ ነው። ወንድሜን ሕመም በአጭር ጊዜ ወሰደው። የሐዘኑን ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲተክለው አልፈቀድኩም። ያንኑ ሸራ። ሰማዩ ግን ጥርት ብሎ ነበር የሰነበተው። ሾፌሩ ደጃፍ ላይ፣ በሰርጉ ቀን በቆመበት ቦታ ቆሞ፣ ሰውን ያስገባ ነበር። አንድም ቀልድ አልቀለደም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። "ዛሬስ ምን ይላሉ?" አሉኝ። እኔ አላውቅም፣ ጋሼ አልኳቸው። እሳቸውም፣

"እሱስ መች ያውቅ ነበር፣ ልጄ። ገምት" አሉኝ።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ቆርቆሮው እዚያው ነው። ውሃ ካለው አነባለሁ። ከሬዲዮ የሰማሁትን እጨምርበታለሁ፣ ወደ ካራማራ አያለሁ፣ ከዚያ ለእሳቸው እነግራቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ እስታለሁ። ያኔ "ግመሉ ጠጥቶት ነው" ይሉኛል፤ ከእኛ ሰፈር ሰው የተሻለ ነው የሚሉት። የወንድሜ ልጅም ትንሽ ከፍ ብላለችና ቆርቆሮውን እኔ ልያዝ ብላ ትጣላኛለች።

ዛሬ ጠዋት ከአስር ሦስት አልኳቸው። ስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳቁ።

"እንግዲያው ድንቹን ልዝራ" አሉ።