የተልባ አበባ ሰማያዊ

ጀብሪል ፊት አይቀባም። መካነ ሰላም ውስጥ በሱቅ ታፔላ ላይ የምታነቡት ጽሑፍ አብዛኛው የሱ እጅ ነው፤ ልቡ ያለው ግን ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ላይ ነው። ጥፍር የምታክል ኮሌታ፣ ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ቁልፍ፣ የነጠላ ጥለት፣ ይህን ሁሉ ከግልገል ጆሮ በተላጨ ፀጉር በሠራት ብሩሽ ቀለም ያለብሰዋል። ፊቱን እንዳለ ይተወዋል። ቁርአን የሚያቀሩት አባቱ፣ ነፍስ ያለው ነገር የሳለ ሰው በቂያማ ቀን "በል እንግዴህ ነፍስ ዝራበት" ይባላል እያሉ ነው ያሳደጉት። ለምን ብለው ሲጠይቁት "እኔ ልብስ ነው የማለብሰው፤ ፊት የአላህ ነው" ይላል።

አራጋውም ጠይቆት ነበር። በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ለባድመው ጦርነት ሊዘምት ሰሞን፣ እናቱ የሻለም የሠራችለትን ሰማያዊ ሹራብ እንደለበሰ፣ በሱው የተነሣውን ጉርድ ፎቶ ሊያስቀባ ጀብሪል ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"ፊቴንስ ለምን ይተውታል ጋሼ? አመድ መሰልኩ እኮ።"

"ዝም ብለህ ተቀመጥ። ስትመለስ ራስህ ትቀባዋለህ።"

ልጁ ሳቀ። "እናቴ ይሄን ሹራብ የተልባ አበባ ነው የምትለው። እንዳይስቱት።"

አልሳተውም። ያኔ ባለ ወፍ የሚሉት የቀለም ጣሳ ነበረው፤ ሰማያዊው ምንም ሳይቀላቀልበት ቁርጥ ሹራቡን ነበር።

አራጋው አልተመለሰም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ መርዶው መጣ። ጎረቤት ሊያለቅስ ሲሰበሰብ የሻለም ደጃፏ ላይ ቆማ "የማን ልጅ ሞቶ ነው?" ብላ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ ልጄ ቢመጣ ብላ በሯን ቀርቅራ አታውቅም ይላሉ። ኋላ አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አራሰው። የሹራቡ ቀለም እየተላጠ ወረደ። ይዛው ወደ ጀብሪል መጣች።

"አየኸው ጀብሪልዬ? ሹራቡን ገፈፉት።"

"አብሽሪ እትዬ፣ አለብሰዋለሁ።"

"ስማኝማ። አገሩ ሁሉ ሞቷል ይለኛል። እኔ ደግሞ መልኩ እየጠፋብኝ ነው፤ የቀረኝ ሹራቡ ነው። ቁርጥ እሱን አድርገህ ካመጣህልኝ ልጄን አየሁት ማለት ነው፤ ያኔ ቁጭ ብዬ አለቅስለታለሁ። ካልሆነ ግን የሌላ ሰው ልጅ ነው። አላለቅስም።"

ባለ ወፍ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ከደሴ ዕቃ የሚያመጣው ነጋዴ አሕመድኑር ባለ ቁልፉንና ባለ ኮከቡን ጣሳ ከፊቱ ደረደረለት።

"ሰማያዊ ያው ሰማያዊ ነው። ሰማይ ስንት አለ?"

"አንተ የምትሸጠው ሰማይ ሲደርቅ ቅጠል ይሆናል።"

"እንግዲያው ለከብት ሽጠው።"

ጀብሪል እውነቱን ነበር። ባለ ቁልፉ ሲደርቅ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ባለ ኮከቡ እርጥብ እያለ ልብ ያሳርፍና፣ አድሮ ሲያዩት ጠቁሮ የተማሪ ብዕር ቀለም ሆኖ ይገኛል። ጀብሪል የባለ ወፉን ባዶ ጣሳ ፈልጎ፣ ክዳኑ ላይ ከደረቀው ጋር እያስተያየ ቀላቀለ፤ ከብዙ ሙከራ በኋላ ገጠመለት። ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ሲያየው ግን ክዳኑ ራሱ በዕድሜው ብዛት ወይቦ ኖሯል። የሱቁ ግድግዳ በአውራ ጣት ልክ በተቀቡ ሰማያዊዎች ተሞላ።

ሹራቡን በሳተ ቁጥር፣ ያ ያልተቀባ አመድ ፊት ትክ ብሎ የሚያየው ይመስለው ጀመር። አንድ ገበያ ቀን በሰው መሐል ሰማያዊ ጀርባ አየ። ሥራውን ጥሎ እስከ አቀስታ መኪና መሳፈሪያ ድረስ ተከተለው። ሲዞር፣ ሰማያዊ ላስቲክ ደርበው መኪና የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው።

"ምነው ልጄ፣ ታውቀኛለህ?"

"አይ አባባ። ሰው መስለውኝ ነው።"

"ሰውማ ነኝ" አሉት።

ለሚስቱ ለፈውዚያ ነገራት። "ቀለሙን ያገኘሁት ቀን ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ። በውሸት ቀለም ብተወውስ?"

"በውሸት አልብሰኸው ከዚያ ፊት ጋር መኖር ትችላለህ?" አለችው። "ደግሞስ ልጁ ራሱ የነገረህን ትተህ ክዳን ታያለህ?"

የተልባ አበባ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ወዳለ የተልባ ማሳ ሄደ። ማሳው አረንጓዴ ነው፤ አበባ የሚባል የለም። የማሳው ባለቤት አልታየች ከአረሙ ቀና ብላ ሳቀችበት።

"የከተማ ሰው! ተልባ እስከዚህ ሰዓት የሚጠብቅህ መስሎህ ነው? ጧት ያብባል፣ ፀሐይ ሲበረታ ያረግፋል።"

ንጋት ላይ ተመለሰ። ጉሙ ገና አልተነሣም፣ ማሳው ግን ሰማያዊ ሆኗል። ድንበሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ባለ ኮከቡን ሰማያዊ በባለ ቁልፍ ነጭ ቀለም አፈካው፤ በእንጨት ጫፍ ቀይ ነካ አደረገበት። ሲደርቅ እንደሚጠቁር ስለሚያውቅ ከአበባው ፈዘዝ አድርጎ ተወው። ሹራቡን መቀባት ሲጀምር ነፋስ መጣና ተልባው ተኛ፤ በዓይኑ ጠርዝ፣ ማሳው መሐል ጀርባውን የሰጠ ሰው የቆመ መሰለው። ጀብሪል ቀና አላለም። ቀና ቢል የሚዞርበት፣ ሲዞርም ፊቱ አመድ የሚሆን መሰለው። ብሩሹን ሳያነሣ ሹራቡን ጨረሰ። ጉሙ ሲገለጥ ማሳው ባዶ ነበር።

ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀ። በመጨረሻም አንድ ጧት ፎቶውን ከረገፈ የተልባ አበባ አጠገብ አስቀምጦ አየው። ሁለቱን መለየት አቃተው።

የሻለም ፎቶውን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ወጣች። ረጅም ጊዜ አየችው። ሹራቡን በጣቷ ልትነካ ሄዳ መልሳ ሰበሰበችው።

"አይደለም" አለች።

"እትዬ..."

"አይደለም አልኩህ። ሌላ ቀላቅል።"

ፎቶውን ግን አልመለሰችለትም። በነጠላዋ ሥር በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። ጀብሪል እጁን ዘርግቶ ነበር፤ አጠፈው።

"እሺ፣ ሌላ እቀላቅላለሁ" ብሎ ወጣ። የመቀርቀሪያ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄደ። ምንም አልሰማም።